አንገት ላይ የሚንጠለጠለው እንጨት

ባለፈው ዓርብ የልጅ ልጄ ማርታ ከሥራ ስትመለስ ፊቷ በርቶ ነበር። እዚሁ ሶዶ ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ታስተምራለች። «አባባ፣ የእንግሊዝኛ መምህራን ጉባኤ ሊደረግ ነው። ክፍሉ ውስጥ ጥናት ለሠራ መምህር የከፍተኛ ትምህርት ዕድል ይሰጣል አሉ። ግን ምን ላጥና?» አለችኝና ስልኳን ፍለጋ ቦርሳዋን አልጋው ላይ ገለበጠችው። ከዕቃዋ መሐል ክር የታሰረበት ካርቶን ወደቀ።

ምንድን ነው ብላት ሳቅ አለች። «ክፍል ውስጥ ከእንግሊዝኛ ሌላ የተናገረ ልጅ አንገቱ ላይ ይንጠለጠልበታል። እንደ ጨዋታ ነው፤ አንመታም።»

ክሩን በጣቴ ዳሰስኩት። እኛ ስንማር ካርቶን አልነበረም፤ እንጨት ነበር።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። አራተኛ ክፍል ነኝ፤ ግን ጢሜ ማቀምቀም ጀምሯል። ያኔ ሰው ከብት ጠብቆ፣ እርሻ አርሶ ነው ትምህርት ቤት የሚገባው። ከዳሞታ ተራራ ሥር ካለው ሰፈራችን ጎህ ሳይቀድ እንነሳለን፤ እናቴ ስኳር ድንች በዳጣ ትሰጠኛለች፤ እሱን በቅጠል እንደያዝኩ ቀዩን ጭቃ እያቦካሁ እወርዳለሁ። የዚያ ዳጣ ማቃጠል ዛሬም ትዝ ሲለኝ ምራቄ ይመጣል። ከትምህርት ቤቱ በር ስንደርስ ግን አፋችን ይደርቃል።

ዲሬክተሩ መዳፍ የሚያህል እንጨት አስጠርቦ ክር አስገብቶበታል። ጠዋት መጀመሪያ ወላይትኛ የተናገረ አንገቱ ላይ ይጠለቅለታል። እሱም ጆሮውን አቁሞ ይውልና ወላይትኛ ለተናገረው ሌላ ልጅ ያስተላልፋል። ደወል ሲደወል እንጨቱ አንገቱ ላይ የተገኘ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ በሆዱ ተኝቶ በጉማሬ አለንጋ ይገረፋል። ቆዳ የሚልጥ ግርፋት ነው።

እንጨቱን ከራስ ማራገፊያው መንገድ ሌላው ወላይትኛ እንዲናገር ማድረግ ነው። ጓደኛህ እስኪሳሳት መጠበቅ ደግሞ ረጅም ነው። ማሳመም ያጥራል፤ የታመመ ሰው የሚጮኸው በእናቱ ቋንቋ ነዋ። ስለዚህ መቀመጫ ላይ የግራር እሾህ እንተክላለን። የዴስክ ክዳን በጣት ላይ እንዘጋለን። ከዲምቱ የመጣ አንድ ልጅ ጥፍሩ ጠቁሮ ወደቀ። ከአንድ ማዕድ የሚበሉ ወንድማማቾች ወደ ቤት ሲመለሱ በድንጋይ ይፈነካከታሉ። ቅንድቤ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያን ጊዜ ነው።

እኔ መላ አገኘሁ። ዝም አልኩ። ወላይትኛም፣ አማርኛም፣ እንግሊዝኛም አቆምኩ። እሾህ ሲወጋኝ እጅጌዬን ነክሼ አሳልፈዋለሁ። እንጨቱ ዓመቱን ሙሉ አልነካኝም፤ ዲሬክተሩም «እንደ ዳና ሁኑ» ይላል። ዝምታው እየቆየ ቤትም ተከትሎኝ ገባ። እናቴ ክፉ መንፈስ ነው ብላ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች እየጠራች ታስጸልይልኝ ነበር።

በዚህ መሐል ነው መምህር አስራት የመጣው፤ ከሸዋ የመጣ፣ ቀጭን፣ የእንግሊዝኛ አስተማሪ። ለብዙ ጊዜ ሲያየን ከረመ። አንድ ቀን ባህር ዛፉ ሥር መጥቶ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ዳና፣ አንተን ማንም አይገርፍህም። እንግሊዝኛ ስለቻልክ ነው?»

አይደለም ለማለት ራሴን ነቀነቅሁ።

«ስለማትናገር ነው» አለና ሳቀ፤ ፊቱ ግን አልሳቀም። «እኔ ደግሞ ቋንቋ አስተምራለሁ እባላለሁ።»

እሱም ስለ እንጨቱ ጥናት ጀመረ። በሚያዝያ የእንግሊዝኛ አስተማሪዎች ጉባኤ እኛ ትምህርት ቤት ይደረጋል፤ አንድ ትልቅ ሰውም ከአዲስ አበባ ይመጣል ተባለ። ጥናቱ የተወደደለት አስተማሪ ለከፍተኛ ትምህርት ይላካል። «እኔ ባልላክም ግድ የለኝም» አለኝ። «ከሰሙኝ ይህ እንጨት ይቀራል።»

ቀኑ ደረሰ። የቦዲቲ አስተማሪዎች በጭነት መኪና፣ የቦምቤዎቹ በበቅሎ መጡ። የበልጉ ዝናብ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል፤ እኔ መምህር አስራት ባስቀመጠኝ የኋላ ወንበር ላይ ነኝ። መምህር አስራት ስለ እሾሁ፣ ስለ ጥፍሩ ተናገረ።

«ታዲያ በምን ይማሩልህ፣ በማር?» አለ አንድ ወፍራም የቦዲቲ አስተማሪ። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

መምህር አስራት እኔን ወደ ፊት ጠራኝ። «ይህ ተማሪ በእንጨቱ ተይዞ አያውቅም። እኔም ድምፁን ሰምቼ አላውቅም።»

ዲሬክተሩ ፊቱ አመድ መስሎ ብድግ አለ። «ውሸት ነው። ዳና፣ ስምህን በእንግሊዝኛ ንገራቸው።»

አውቀዋለሁ፤ መንጋጋዬ ግን አልላቀቅ አለ።

«ተናገር አልኩህ።» በአለንጋው እጀታ አፌን መታኝ። ጥርሴ ተሰብሮ ምላሴ ላይ ወደቀ። ደሙ ሸሚዜን አጠበው። ተንበርክኬ እናቴን ጠራሁ፤ በወላይትኛ።

ዲሬክተሩ እንጨቱን ከተሰቀለበት ምስማር አውርዶ አንገቴ ላይ አጠለቀልኝ። «ይኸው ድምፁ» አለ ለእንግዶቹ።

መምህር አስራት መጥቶ አፌን በመሐረቡ ጠረገልኝ። ከዚያ ወደ ዲሬክተሩ ዞሮ፣ በዚያ በሸዋ ምላሱ፣ ቀስ ብሎ «ሳሮ» አለው። ሳሮ የእኛ ሰላምታ ነው። እንጨቱን ከአንገቴ አውልቆ የራሱ አንገት ላይ አጠለቀ። «ሕጉ እንዲህ አይደለም እንዴ?»

ወዲያው የምሳ ደወል ተደወለ። ኮቱን አውልቆ አግዳሚው ላይ በሆዱ ተኛ። «በሉ ጌታዬ፣ የያዝኩት እኔ ነኝ።»

ዲሬክተሩ ሊተወው ይችል ነበር። ያ ሁሉ እንግዳ እያየው መተው አቃተው። ገረፈው። ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣበቀ። እሱ እንደ እኔ እጅጌውን አልነከሰም፤ አለንጋው ባረፈ ቁጥር በእናቱ ቋንቋ፣ በአማርኛ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጮኸ። በመጨረሻ ያ ቀልደኛ የቦዲቲ ሰው ዘሎ አለንጋውን ያዘ። ተያይዘው ወደቁ፤ ወንበር ተሰበረ፤ የሰው ክርን የዲሬክተሩን አፍንጫ አደማ። የአዲስ አበባው ሰው ባርኔጣውን ይዞ በዝናብ ወጣ።

መምህር አስራት ዕድሉን አላገኘም። ወደ ሩቅ አገር አዛወሩት፤ እንጨቱን ኮቱ ሥር እንዳንጠለጠለ አውቶቡስ ላይ ሲወጣ በዓይኔ አየሁት። እኔም ተባረርኩ፤ ትምህርቴ እዚያ ላይ ቀረ። ዲሬክተሩ ሌላ እንጨት አስጠረበ፤ ግርፋቱም ባሰ። ነገር ግን የክፍል ጓደኞቼ እንደነገሩኝ ከዚያ ወዲህ እሾህ የተከለ አልነበረም። እንጨቱ አንዱን ሲከብደው ሌላው ጠጋ ብሎ «ሳሮ» ይለዋል፤ ተቀብሎም ይገረፍለታል።

ማርታ ካርቶኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ስትሰማ ቆየች። እኔ ብዙ ካወራሁ ምላሴ ወደዚያች የተሰበረ ጥርሴ ክፍተት ይሄዳል፤ እስኪመለስ ጠበቅሁት።

«ይህ አንገቷ ላይ ገብቶ የማያውቅ ልጅ አለችሽ?» አልኳት።

«አለች፤ መስኮቱ ጋ የምትቀመጥ። ጎበዝ ልጅ ናት፣ አባባ።»

«ድምፅዋ ምን ዓይነት ነው?»

«ድምፅዋ…» ብላ ጀመረች ማርታ። «ሰምቼው አላውቅም» አለችና ክሩን ከካርቶኑ ላይ ፈታችው።