ፊጂን የማውቃት እኔ ነበርኩ

ሳን ሆዜ ውስጥ አረጋውያንን በምንከባከብበት ቤት፣ ብሬክ በወጣሁ ቁጥር ስልኬ ላይ የማነበው ስለ ፊጂ ደሴቶች ነበር። ለዓመታት። ከዚያ ኦክላንድ የምትኖረው ታናሽ እህቴ አገባችና ባሏ ለሃኒሙን ፊጂ ቡክ አደረገላት። ካርታ ላይ የት እንዳለች እንኳ የሚያውቅ አይመስለኝም። ታዲያ የደወለችው ለእኔ ነው። «የምታውቂው አንቺ አይደለሽ፣ እስቲ ንገሪኝ» አለችኝ።

አንጀቴ እያረረ ነገርኳት። ፓስፖርትሽ ቢያንስ ስድስት ወር የቀረው ይሁን። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ዝናብና አውሎ ነፋስ ስላለ በሐምሌ ሂዱ። መንደር ስትገቢ ትከሻሽን ሸፍኚ፣ ባርኔጣሽን አውልቂ፣ ደግሞ ባዶ እጅሽን እንዳትሄጂ።

«እማዬ ከላከችው በርበሬ ልያዝላቸው?»

«ኤርፖርት ላይ ይወስዱብሻል። እዚያው ገበያ ካቫ የሚባል ሥር ይሸጣል፤ እሱን ገዝተሽ ለመንደሩ ሽማግሌ ስጪ።»

ፀሐይ መትቷት አምሮባት ተመለሰች፤ ይሄም አናደደኝ። ሽማግሌው ሥሩን ተቀብለው «ወጋችንን ማን አስተማረሽ?» አሏት አሉ። «እህቴ» ስትላቸው፣ «እሷ መቼ መጥታ ነበር?» ብለው ጠየቋት።

«ምን አልሻቸው?» አልኳት።

«ሄዳ አታውቅም ማለት ከበደኝ። ብዙ ጊዜ መጥታለች አልኳቸው።»

በእህቴ መቅናቱን ተውኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምቀናው በዚያች ብዙ ጊዜ በሄደችው ሴት ነው።