የሐያት ዕድሜ በሊድስ

ከቃሊቲ የወጣሁ ማታ ልጄ ሐያት ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እንደተኛች ግንባሯን ደጋግሜ ስስም እናቴ "በይ ሂጂ፣ ትቀሰቅሺያታለሽ። አላህ በሰላም ያግባሽ" ብላ ገፋችኝ። ያኔ በደጃችን አስፋልት የሚያልፈው የከባድ መኪና ጩኸት ያማርረኝ ነበር። እዚህ እንግሊዝ፣ ሊድስ ላይ ደግሞ ዝምታው ነው የሚያሳብደኝ፤ ጨው አውሱኝ ብሎ በር የሚያንኳኳ ጎረቤት እንኳ የለም።

እዚህ ስደርስ የኔን ልደት ከፓስፖርቴ ገለበጡ። የሐያትን ግን በቃል ጠየቁኝ፤ እኔም በእኛ አቆጣጠር ነግሬያቸው አረፍኩት! እነሱ ዓመቱን እንዳለ በፈረንጅ መዘገቡት፣ ልጄ ባንዴ ሰባት ዓመት አረጀችብኝ። ይህን ያወቅሁት ከሦስት ዓመት በኋላ ላምጣት ብዬ ስጠይቅ ነው።

"ልጅዎ ትልቅ ሴት ናት፤ ራሷን ችላ ትኑር" አለኝ የኢሚግሬሽን ቢሮው ሰውዬ።

"በእርስዎ ወረቀት እኔ በስንት ዓመቴ ወለድኳት?"

ደመረ፣ ቀነሰ። "በአሥራ ሁለት።"

"በአሥራ ሁለት ዓመቴ ሱዚ ነበር የምዘለው፣ ጌታዬ!"

ፊቱ ቀላ። "ይሄ ሬክቲፋይ መደረግ አለበት" አለ።

ቃሉን እንደ ዱዓ ይዤው ወጣሁ። ማሞቂያዬ ሲበላሽ አከራዬን "ሬክቲፋይ ያድርጉልኝ" ስለው "ልትከሺኝ ነው እንዴ?" ብሎ ደነገጠ። የእንግሊዝኛ አስተማሪዬ ስቃ ስታበቃ አስረዳችኝ። ማሞቂያ ፊክስ ይደረጋል፣ የተማሪ ደብተር ኮሬክት ይደረጋል፤ ሬክቲፋይ ግን ከበድ ያለ ነው፣ የተዛባን ነገር ወደ ልኩ መመለስ፣ በእኛ ማረም የምንለው። ቃሊቲ ላደገ ሰው ማረም ሲባል መጀመሪያ የሚታየው የማረሚያ ቤቱ አጥር ነው፣ ምን ላድርግ!

ተመላልሼ፣ ለምኜ፣ አልቅሼም ጭምር ተስተካከለ። ሐያት ወረቀቱ ላይም ልጅ ሆነች። እልል እያልኩ ደወልኩ።

"ሐያትዬ፣ ልትመጪ ነው!"

"ወላሂ በይ!" ብላ ጮኸች። ወዲያው ደግሞ፦ "አያቴስ?"

"እሷን አይፈቅዱም፣ የኔ ጌጥ። ጎረቤት ያያታል።"

"ዓይኗ እኮ ደክሟል፣ እማዬ። ይሄን ሁሉ መኪና ማን ያሻግራታል?"

ስልኩን ከአንዱ ጆሮዬ ወደ ሌላው አዞርኩ።

"አትቀየሚኝ፣ ትንሽ ላስብበት" አለችኝ።

"አስቢበት" አልኳት፤ ምን ልበል? ይኸው ስልኬን ታቅፌ እጠብቃለሁ። ትምጣልኝ ብዬ ዱዓ ስጀምር እናቴ አስፋልቱ ዳር ቆማ ትታየኛለች። ትቅር እንዳልል ደግሞ አፌ እምቢ አለኝ።