ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጠፋው ቅቤ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ቧንቧ ጋ ጥርሴን እየፋቅኩ ሳለ አከራዬ እትዬ አስካለ ጠጋ አሉና «ባሌ ቅቤ እየሰረቀኝ ነው» አሉኝ።

አፌ በጥርስ ሳሙና ተሞልቶ ስለነበር ዝም አልኩ... እሳቸው ግን ዝምታዬን እንደ ብልህነት ቆጠሩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቡራዩ የምኖረው እትዬ አስካለና ባለቤታቸው ኦቦ ለታ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቼ ነው። ኦቦ ለታ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር «ባህር ዛፌን አይቼ ልምጣ» ብለው ይወጣሉ። እሳቸው ሲወጡ ቅቤ ይጎድላል፣ አሮጌ ነጠላም ተቀዶ ይገኛል። ሲመለሱ ደግሞ እጃቸው ጠቁሮ፣ ልብሳቸው የተበላሸ እንቁላል ይሸታል።

«የተነጠረውን አይነካም። ለጋውን ብቻ ነው» አሉ እትዬ አስካለ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ለመብል ቢሆን የተነጠረውን ይወስድ ነበር። ለጋ ቅቤ ለፀጉር ነው። የማን ፀጉር ነው? እሱን ንገረኝ።»

ማስረጃው ከባድ ነበር። ኦቦ ለታ መላጣ ናቸው።

«ወይ ሴት ናት፣ ወይ ጠንቋይ። ሴት ከሆነች ዛሬውኑ ልብሱን አውጥቼ በር ላይ ነው የማስቀምጥለት። ልጆቼን አሳድጌያለሁ፣ ምን እፈራለሁ?» ይህን ሲሉ ግን የነጠላቸውን ጫፍ ጣታቸው ላይ ይጠመጥሙ ነበር። «ተከተለውና እይልኝ። መብራቴን እያስቆጠርክ የወንጀል መጽሐፍ የምታነበው ለዚህ ካልሆነ ለምንድነው?»

ሰው መከታተል መጽሐፍ ላይ ቀላል ነው። ታክሲ ውስጥ ግን የምትከታተለው ሰው ሂሳብህን ይከፍልልሃል። ኦቦ ለታ ገና ስገባ አይተው «የእሱንም ከዚህ» ብለው ለረዳቱ ሰጡት።

«ወዴት ነው?» አሉኝ።

«አየር ልቀበል ብዬ...»

«ቡራዩ አየር የለም?»

ከዚያ በላይ አልገፉበትም፤ እቅፋቸው ውስጥ ያለችውን ፌስታል ጠበቅ አደረጉ እንጂ። ይሄኔ እኔም መጠርጠር ጀመርኩ።

ገፈርሳ ሲደርሱ ወረዱ። እኔ ትንሽ አልፌ ወረድኩና በባህር ዛፉ ውስጥ ለውስጥ ተመለስኩ። ጥቂት እንደሄድኩ... ተኩስ ጮኸ።

መሬት ላይ ለጥ አልኩ። ሴትም ትሁን ጠንቋይ፣ የታጠቀች ናት ማለት ነው።

ቀስ ብዬ ቀና ስል ነጭ ጭስ ዛፎቹ መሀል ተንሳፍፏል። ከጭሱ ስር ኦቦ ለታ በአፉ ባሩድ የሚጎርስ፣ ቁመታቸውን የሚያህል ያረጀ ጠመንጃ አቁመው ይጠርጋሉ። እርጥብ ጨርቅ በዘንግ አድርገው ወደ አፈሙዙ አወረዱ፤ ሲወጣ ከሰል መስሏል። ደረቅ ጨርቅ አስከተሉ። ቀጥለው ብረቱ እንዳይዝግ ለጋ ቅቤ የነካ ሌላ ቅዳጅ ላኩበት። የነጠላውን ጥለት ከሩቅ አወቅኩት።

አጠገባቸው ጉቶ ላይ ጋቢ የተከናነቡ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ለዓመት በዓል ግቢያችን ሲመጡ አውቃቸዋለሁ። የእትዬ አስካለ አባት ኦቦ ቱሉ ናቸው።

«ዘገየህ» አሉ ሽማግሌው። «በአንደኛውና በሁለተኛው መሀል እንዲህ ከቆየህ ለቀስተኛው አልቋል ብሎ ይበተናል።»

«አባባ፣ ሳልጠርግ ባጎርሰው ውስጥ የቀረች እሳት ባሩዱን ፊቴ ላይ ታነሳዋለች።»

«እሱስ ልክ ነህ። በእኔ ቀብር ቀን አንተን መቅበር አልፈልግም። ግን ፈጠን እያልክ ጥረግ።» ዞር አሉና ዓይናቸውን ጨፈን ከፈት አደረጉ። «ያ ተከራይህ አይደለም እዚያ የተኛው?»

ሳሩን ከጉልበቴ እያራገፍኩ ተነሳሁ።

«ኮቱ፣ ና ቁጭ በል» አሉኝ። «እንግዲህ ከመጣህ አንተም ፍረድ። ዘገየ አልዘገየም?»

በእነሱ ቤት ወንድ ሲቀበር ያ ጠመንጃ ሦስት ጊዜ ይጮሃል። ለሌላ ነገር ከተሰቀለበት አይወርድም። የኦቦ ቱሉ ወንድም ሲቀበሩ ግን መሀል ላይ የጠረገው ሰው አልነበረም፤ ጥላሸቱ ዘግቶት ሦስተኛው ሳይተኮስ ቀረ። አገር እስከ ዛሬ ያወራዋል። ኦቦ ቱሉ ደግሞ ሰሞኑን ሐኪም ቤት ሄደው ነበር...

«ሐኪሙ ክረምቱን አልሰጠኝም» አሉ፣ ስለ ሰው መሬት እንደሚያወሩ ሁሉ።

«ፈቃድ አለው?» አልኩ ወደ ጠመንጃው እያየሁ።

«ለከርከሮ ማባረሪያ ተብሎ ተመዝግቧል። ጥይት የለውም፤ ባሩድና ጨርቅ ብቻ ነው። ይልቅ ስማኝ፤ በሽታዬን ለአስካለ እንዳትነግራት። ከአሁኑ ማልቀስ ከጀመረች ለቀብሬ ምን ይተርፋታል? ለፋሲካ ስትመጣ እኔው እነግራታለሁ። ማልልኝ።»

ማልኩ። ኦቦ ለታ ፊታቸውን አዙረው ንጹሑን አፈሙዝ እንደገና ይወለውሉ ነበር።

ቡራዩ ስመለስ እትዬ አስካለ በር ላይ ቆመዋል። የባላቸውን ልብስ በማዳበሪያ ከረጢት አድርገው አጠገባቸው አስቀምጠውታል።

«ሴት ናት?»

«አይደለችም።»

«ጠንቋይ?»

«አይደለም። አባትዎ ጋ ናቸው።»

ትከሻቸው ወረደ። ፈገግታም ከንፈራቸው ላይ ሊመጣ ነበር። «አባቴ ጋ ለመሄድ ምን ያስደብቀዋል? ምን ይሠራሉ?»

የማልኩት ስለ በሽታው ነው። ስለ ሌላው አልማልኩም። ስለዚህ በንጹህ ህሊና «ጠመንጃ ይጠርጋሉ» አልኩ።

«የቱን ጠመንጃ?»

መልሴን አልጠበቁም። ሲገባቸው አየሁት... እኔም የሠራሁት ስህተት የገባኝ ያኔ ነው። ቀስ ብለው ከረጢቱ ላይ ቁጭ አሉ።

«ምነው ሴት በሆነች» አሉ፣ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው እየወሰዱ።

ሚስት ባሏ ውሽማ ስለሌለው ስታለቅስ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።