እትዬ አበበች ሲነኩት እምቢ ያለው ሾርትከት

ዛሬ ፒያሳ በምሠራበት ማተሚያ ቤት እትዬ አበበች ኤፍ ዘጠኝ የምትለዋን ቁልፍ አንዴ ጫን ሲያደርጉ ሙሉው የሠርግ ጥሪ ስክሪኑ ላይ ዱብ አለ። እልል ለማለት ትንሽ ነው የቀራቸው።

እትዬ አበበች የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ናቸው። ኮምፒውተራቸው ላይ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም የጫንኩላቸው እኔ ነኝ። በየካርዱ የሚደጋገመውን "በሠርጋቸው ዕለት እንዲገኙልን በአክብሮት ጠርተንዎታል" የሚለውን ሁሉ በአንድ ሾርትከት፣ ማለትም በአቋራጭ ቁልፍ፣ የሚጽፍ ፕሮግራምም አስገባሁበት።

ችግሩ፣ እኔ ስነካው ይሠራል፤ እሳቸው ሲነኩት ዝም ይላል።

"ይኼ ነገር ሰው ይመርጣል እንዴ?" አሉኝ ጠዋት። "ዛሬ ካልሠራ የድሮውን መልስልኝ።" (ጠበል ይረጭበት ያለም ደንበኛ አልጠፋም።)

እልህ ይዞኝ አጠገባቸው ቆሜ እጃቸውን ብቻ አየሁ። ለካ እኔ የምሞክረው ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መልሼ ነው። እሳቸው ግን ቀኑን ሙሉ የሚተይቡት በአማርኛ ነው። ሾርትከቱን ያደረግኩት ኮንትሮልና ኤም ነበር፤ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ሲሆን ፕሮግራሙ ያንን ቁልፍ ኤም ብሎ አያውቀውም።

ቋንቋው ቢቀየርም የማትቀየረዋን ኤፍ ዘጠኝን ሰጠሁት። አለቀ።

"እኔ እኮ ጥፋቱ የእጄ መስሎኝ ነበር" አሉ እትዬ፣ ደጋግመው እየጫኑት። አንዱ ካርድ ላይ ጥሪው አራት ጊዜ ተጽፏል። አልከለከልኳቸውም።

እናንተስ ለአንዱ ታዞ ሌላውን እምቢ ያለ ማሽን ገጥሟችሁ ያውቃል? ንገሩኝ። ሰውየውን ከመውቀሳችሁ በፊት ግን በምን ቋንቋ እንደሚተይብ ጠይቁት።