የእነዚያ ቅጥር ድንጋይ

የደሃና አገር ድንጋይ ቸግሮት አያውቅም። ካሤ ግን ግንበኛ ነውና ድንጋይ ያማርጣል። የፍየሎቹ ጋጣ ሲናድበት ዓይኑ ያረፈው ከቤቱ በላይ ባለው ክብ ካብ ላይ ነበር፤ ማን እንደካበው የማይታወቅ፣ መሐሉ ወይራ የበቀለበት፣ የአገሩ ሰው «የእነዚያ ቅጥር» የሚለው። እነዚያ እነማን ናቸው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ስማቸው አይጠራም። ከዚያ ጭራሮ እንኳ አይለቀምም።

«ተው ልጄ፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር አይሁንብህ» አሉት ጎረቤቱ አያ ጌታሰው።

«እርስዎ ደግሞ፣ አያ! እነዚያ ከፈለጉ ይምጡና ይክሰሱኝ» ብሎ ሳቀና ድንጋዩን ወደ ጋጣው ያወርድ ጀመር።

ሚስቱ ሸጌ አልሳቀችም። የመጀመሪያ ልጇ ሆዷ ውስጥ እያለ ሞቶባታል፤ አሁን ደግሞ ሁለተኛው እርግዝናዋ እየገፋ ነበር። አንድ ጊዜ «ድንጋዩን መልስ» ብትለው ጮኸባት። ዳግመኛ አላነሳችም፤ እሱም ያሳመናት መሰለው። ወንድ እንዲህ ነው፤ ዝምታን ሁሉ እሺታ ያደርገዋል።

ጋጣው አልቆ ብዙም ሳይሰነብት ከግንቡ ራስ ድንጋይ ይጎድል ጀመር። ፍየሎቹ ገፍተውት ነው አለ፤ መሬት ላይ ግን የወደቀ የለም። ሌባ ነው እንዳይል፣ ደሃና ውስጥ ድንጋይ ማን ይሰርቃል? መሳቁን ተወ። እህል አልዋጥለት፣ ሥራ አልያዝለት አለ። ሸጌ በተገላበጠች ቁጥር ብድግ ይላል።

«አመመሽ?»

«ምንም አልሆንኩ» ትለዋለች፣ ወገቧን እየያዘች።

ፈርቷል። ያን ሁሉ ፎክሮ አሁን ፈራሁ ብሎ ለማን ይናገር?

አንድ ማለዳ ሰቆጣ የግንብ ሥራ አለ ተብሎ ተደወለለትና ወጣ። ጥቂት እንደሄደ ልቡ አልሄድ አለው፤ ተመለሰ። ሸጌ ቤት የለችም። የጋጣው ራስ ላይ አዲስ ክፍተት አየ። ዳገቱን ሽቅብ ሮጠ።

ሸጌ ከቅጥሩ ሥር ቁጭ ብላ ታለከልካለች። ድንጋዩን ልጅ እንደሚታዘል በነጠላ ጀርባዋ ላይ አስራዋለች። በሁለት እጇ ሆዷን ደግፋለች።

«አንቺ ነሽ? ይኼን ሁሉ ጊዜ?»

«አንተ አልፈራም አልክ» አለችው። «እኔ ለሦስታችን ፈራሁ።»

ካሤ አጠገቧ ተንበረከከ። እነዚያ ይኑሩ አይኑሩ አያውቅም፤ እሷን በዚያ ሆዷ ዳገት ያስወጣት ግን የእሱ ሳቅ እንደሆነ ገባው። አፈረ። ነጠላውን ፈትቶ ድንጋዩን አነሳና «ቦታው የት ነበር?» አላት። አሳየችው።

የቀረውን ራሱ አፍርሶ አመላለሰ። የሰቆጣው ሥራ ለሌላ ሰው ሆነ፤ ፍየሎቹም ቤት ውስጥ አደሩ።

አያ ጌታሰው ሲያልፉ «ከሰሱህ እንዴ?» አሉት።

«ከሰሱኝ፣ አያ። ተፈርዶብኛል።»

በደህና የተወለደችው ልጅ ዛሬ ዳዴ ትላለች። ካሤ አሁንም «እነዚያ የሚባል ነገር የለም» ባይ ነው። ልጅቷ ፊቷን ወደ ዳገቱ ካዞረች ግን፣ ከሸጌ ቀድሞ ብድግ የሚለው እሱ ነው።