አስራ አንዱ ተፈላጊዎች

የያዙኝ ጠዋት፣ ከእንጦጦ ወደ የካ ባህር ዛፍ በአህያ ጭኜ ስወርድ ነው። አህያዋ ብቻዋን ወደ ቤት ሄደች። ከመንደራችን አንነሳም ብለን ባስገባነው አቤቱታ ላይ ፊርማዬ ነበረበት። ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ፣ በማታ ትምህርት ነው። የመጀመሪያው ፊርማዬ ያተረፈልኝ ይኸው ነው።

የታሰርንበት ክፍል ድሮ መጋዘን ነበር። ሲሚንቶና ሽንት ይሸታል። በጎናችን ተደርድረን ነበር የምንተኛው፤ አንዱ ሲገላበጥ ሁሉም ይገላበጣል። ከጎኔ የደረሱኝ አንድ መምህር ነበሩ፤ መነጽራቸው በክር የታሰረ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ሰው ልጅ አመጣጥ የሚያስተምሩ።

ሰውና ዝንጀሮ ዘመድ ናቸው ሲሉ የሰማው ካቦ፣ በክፍሉ የተሾመብን እስረኛ፣ ተቆጣ።

«የእኔ አያት ቄስ ነበሩ እንጂ ዝንጀሮ አልነበሩም!»

«አያትህ ነው አላልኩም። እኛም እሱም ከአንድ የጥንት አያት ወረድን። የሩቅ የአክስት ልጅ በለው።»

«የአክስት ልጅ ከሆነማ ስንቅ ያምጣልን!»

ሳቅን። ወዲያው በሩ በዱላ ተደበደበ።

የትኋን መድኃኒት ተረጭቶልን በወሩ ትኋኑ ሲመለስም መምህሩ ምክንያቱን አስረዱኝ። መርዙን የቻሉት ተርፈው ወለዱ፤ ልጆቻቸውም ይችሉታል።

«ጎበዞቹ ናቸዋ የተረፉት» አልኩ።

«ጎበዝ አይደሉም። ይህን መርዝ የሚችል ገላ ይዘው ተወለዱ እንጂ።»

አንድ ቀን ዘርህን ቁጠርልኝ አሉኝ። እኛ ዘንድ ሰው ዘመዱን እንዳያገባ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ሰባቱን አባቶች ሳልተነፍስ ጠራኋቸው።

«እናቶቹስ?»

አራት ብቻ አወቅሁ። አፈርኩ። መምህሩ በብስኩት ካርቶን ላይ ወንዱን ሦስት ማዕዘን፣ ሴቷን ክብ፣ ጋብቻውን መስመር አድርገው ሳሉት፤ ስሞቹን እኔ ጻፍኩ። ግማሹ የአማራ፣ ግማሹ የኦሮሞ ስም ነው።

«ካርቶኑ ቢረዝም» አሉ፣ «ካቦውም እኔም እዚህ ውስጥ እንገባለን።»

በማግስቱ ፍተሻ መጣ። ካርቶኑ ከመኝታዬ ሥር ተገኘ።

ወደ ምርመራ ወሰዱኝ። መርማሪው በዕድሜ ልጄ የሚሆን ነው። «ይሄን የድርጅት መዋቅር የሳለው መምህሩ ነው። እሱን ብቻ ተናገር፣ ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ» አለኝ።

«ድርጅት አይደለም። ዘሬ ነው።»

«ከላይ ያለው መሪው ማነው?»

«ሰባተኛ አባቴ።»

«አሁን የት ነው ያለው?»

«እንጦጦ። አፈር ውስጥ።»

በጥፊ መታኝ። አስራ አንዱን ስም በቃል መቀበያው ወረቀት ላይ አሰለፋቸው፤ በላያቸው «በመምህሩ የተመለመሉ፣ ያልተያዙ ተፈላጊዎች» ብሎ ጻፈና ፈርም አለኝ። ጣቴን እያስኬድኩ፣ ፊደል በፊደል አነበብኩት። እሱ ሰዓቱን ያያል። ልፈርም አሰብኩ፤ አልዋሻችሁም። ልጆቼ ያለ እኔ ሦስት ወር አልፏቸዋል።

«እስክሪብቶ አምጣ» አልኩት። ፈገግ ብሎ ሰጠኝ።

አርዕስቱን ሰረዝኩት። ከእያንዳንዱ ስም ጎን «ሟች» ብዬ ጻፍኩ። አስራ አንድ ጊዜ። ከሥሩ «የሞቱ ዘመዶቼ ናቸው፤ ካርቶኑ የእኔ ነው» ብዬ ፈረምኩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ገላዬ ያውቀዋል።

ወደ ክፍሉ ስመለስ የመምህሩ ቦታ ባዶ ነው። ካቦው ዓይኔን ሳያይ «ወሰዷቸው። ዕቃህን ያዝ አላሏቸውም» አለኝ። የሚፈታም የሚዛወርም ዕቃውን ይዞ ነው የሚወጣው።

ከተፈታሁ አምስት ዓመቴ ነው። ሰው አሁን እንጦጦ ፓርክ ሊዝናና ይወጣል፤ እኔም በዚያ አልፋለሁ። አንዳንድ ጠዋት በሬ ሲንኳኳ ሟቹን አባቴን ሊይዙት የመጡ ይመስለኛል፤ የለም ልል እነሳለሁ። የጎረቤት ሰው ነው።

በዚህ ጽሑፍ ማንንም በስሙ ያልጠራሁት ለዚህ ነው። አባቶቼና እናቶቼ አንዴ መዝገብ ገብተዋል፤ ይበቃቸዋል። የመምህሩ ወሬ ከዚያ ወዲህ አልተሰማም፤ ስማቸውን ደብተሬ ላይ ለብቻው ጽፌዋለሁ። ከጎኑ ምን እንደምጽፍ አላውቅም።