የግመሉ ከንፈር

ልጅ ሳለሁ ግመል እንደ ሰው የሚያወራ ይመስለኝ ነበር። ከከተማችን ግንብ በሮች በአንዱ፣ በፈላና በር አጠገብ ያሳደጉኝ የአባቴ አክስት አዴ ፋጡማ፣ ከመግሪብ በኋላ ከሰሉ ዳር ስፌታቸውን ይዘው ተረት ሲነግሩን፣ ግመሉ ጋ ሲደርሱ የታች ከንፈራቸውን ጥለው፣ ምላሳቸውን አወፍረው ነበር የሚናገሩት። እኔና ታናሽ ወንድሜ የምንጠብቀው ያቺን ቦታ ነበር።

ያኔ መብራት ቶሎ ቶሎ ስለሚጠፋ ኩራዝ እናበራ ነበር። አንድ ምሽት፣ በተረቱ ውስጥ ግመሉ ገና ገበያ ሳይደርስ፣ ወስፌው ከቀኝ እጃቸው ወደቀ። አነሱት፤ ደግሞ ወደቀ።

«እጄ ደነዘዘ» አሉ።

«ቀኑን ሙሉ ሲሰፉ ውለው ምን ይሁን ታዲያ!» አለ አባቴ፣ ለዒሻ ሶላት ሊወጣ ጫማውን እያጠለቀ። «ትንሽ ይሹት።»

ስፌት ሲበዛባቸው እጃቸው ይደነዝዛል፣ ሲያራግፉት ይለቃል። ያን ምሽት ግን አልለቀቀም። አባቴ እንደወጣ ተረቱን ሊቀጥሉ ሲሞክሩ ከንፈራቸው በአንድ ወገን ወረደ፣ ቃላቸው ተኮላተፈ።

«ግመሉ መጣ!» ብሎ ወንድሜ አጨበጨበ። እኔም ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም፤ ዓይናቸው እኔ ላይ ቀረ።

አባቴ ሲመለስ ጋደም ብለው አገኛቸው። «ይተኙ፣ ኢንሻአላህ ጠዋት ይለቃቸዋል» ብሎ ብርድ ልብስ ደረበላቸው።

ጠዋት ቀኝ ጎናቸው አልንቀሳቀስ አለ። ሐኪም ቤት ስንወስዳቸው ሐኪሙ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ተቋርጦ መሆኑን ነግሮን «መቼ ጀመራቸው?» ሲል አባቴ ወደ እኔ ዞረ። የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ እየሳቅሁ አይቼዋለሁ። ያኔውኑ ቢመጡ ኖሮ መርዳት ይቻል ነበር አለ ሐኪሙ። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ሦስት ዓመት በማንኪያ አጎረስኳቸው። ግመሉ ገበያ ሳይደርስ፣ እሳቸውም አንዲት ቃል ሳይናገሩ ሄዱ።

ልጄን ወልጄ አራስ ሳለሁ፣ እያጠባኋት የኔም እጅ ድንገት ደነዘዘ። ፍራሹ ላይ አስቀምጫት ወደ መስታወቱ ሮጥኩ፤ ፈገግ አልኩ፣ ሁለት እጄን አነሳሁ፣ የአዴን ስም ጮክ ብዬ ጠራሁ። ከንፈሬ ደህና ነበር። ቢሆንም ሐኪም ቤት በረርኩ። ሐኪሟ የእጄን አንጓ መታ መታ አድርጋ፣ ነርቩ ተጭኖ ነው፣ እርግዝናም ስፌትም ያመጣዋል አለችኝ፤ እጅ ላይ መተኛትም፣ የአንገት ሕመምም፣ የስኳር በሽታም ያደነዝዛል። በከንቱ መጣሁ ብዬ ሳፍር ግን ተቆጣች። «ድንገት ከሆነ፣ ያውም በአንድ ወገን፣ ፊት ከተጣመመ ወይ አፍ ከተሳሰረ፣ እንዳትተኚበት! በዚያው ሰዓት ነይ።»

አሁን ልጄ አድጋ ተረት ንገሪኝ ትለኛለች። የግመሉን ድምፅ አላወጣም፣ በራሴ ድምፅ ነው የማወራው። ትናንት ግን ግመሉ ጋ ስንደርስ ራሷ ከንፈሯን ጣለች። ተረቱ ከአፌ ጠፋ። መብራቱን አቀረብኩና አገጯን ያዝኩ።

«እስኪ ሳቂ» አልኳት።

ሳቀች። ሁለቱንም ወገን አየሁ፤ ደግሜ አየሁ፤ እኩል ነበር።


«እማ፣ ግመሉስ?» አለችኝ።